እርሳሱን አስቀምጦ ካሜራ ያነሳ አርክቴክት ከዳተኛ ነውን?

«አምስት ዓመት ሙሉ ማስመሪያ ታቅፎ ሲያድር ከርሞ መጨረሻው ፎቶ አንሺ? አቦ፣ ይኼ ኪሳራ ነው!»

ይህ አነጋገር በመኝታ ክፍላችን፣ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይና በንድፍ ጠረጴዛችን ዙሪያ በየጊዜው ይሰማል። ተስቆበት ይታለፋል። እኛ ግን ሳንመልስ ልናልፈው አልፈለግንም። ከሳቁ ጀርባ አንድ እምነት ተደብቋል፤ ሕንጻን መሥራት ብቻ ሙያ ነው፣ ሕንጻን አይቶ መመስከር ግን የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል። ድሬ ዳዋን በመሰለች ከተማ እንዲህ ያለ እምነት ሲሰፍን ጉዳቱ ከተናጋሪው አልፎ ከተማዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መልስ እንሰጣለን። ዝም ማለትማ መስማማት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ በደፈናው እንዳይሆን በአንድ ሰው የሥራ ታሪክ እንጀምር። ጋብሪዬሌ ባዚሊኮ በ1944 በኢጣሊያ፣ ሚላኖ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ ፖሊቴክኒክ አርክቴክቸር አጥንቶ በ1973 ተመረቀ። ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የባለጸጋ ቪላ ሲነድፍ ሊኖር ይችል ነበር። አላደረገውም። ካሜራውን አንግቶ ጎብኚ ወደማይደርስበት፣ ወደ ሚላኖ ፋብሪካ ሠፈሮች ወረደ። ከ1978 እስከ 1980 ፋብሪካዎቹን አንድ በአንድ፣ መንገድ በመንገድ እየዞረ በጥቁርና ነጭ አነሳቸው። ሥራው በ1981 «ሚላኖ፤ የፋብሪካዎች ምስለ ገጽ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ወጣ። ርዕሱን ልብ በሉልን! ምስለ ገጽ ድሮ የሚሳለው ለንጉሥ፣ ለጳጳስና ለባለርስት ነበር። ባዚሊኮ ያንን ክብር ወስዶ ለመጋዘን በር፣ ለጭስ መውጫና ለሠራተኛ መግቢያ ሰጠው።

በዚያን ጊዜ ሚላኖ የፋብሪካ ከተማነቷ እያበቃ ነበር። ባዚሊኮ እንደተረከው፣ በ1978 የፋሲካ ሰሞን ነፋስ ሰማዩን ጠርጎት፣ መንገዱ በበዓሉ ምክንያት ጭር ብሎ፣ ፀሐይ የሕንጻዎቹን ጠርዝ ቁልጭ አድርጋ አወጣችው። የተማረው አርክቴክቸር ሥራ ላይ የዋለው ያን ጊዜ ነው። ሌላው አላፊ አግዳሚ ያየው ግድግዳ ነው። እሱ ግን ግድግዳው ምን እንደተሸከመ፣ መስኮቱ ስለምን ከሰው ቁመት በላይ እንደወጣ፣ ጣራው ስለምን የመጋዝ ጥርስ እንደመሰለ ያውቃል። የመጋዝ ጥርሱ ጣራ ለጌጥ አልተሠራም፤ ፀሐይዋ ራሷ ሳትገባ ብርሃኗ ብቻ መኪናዎቹ ላይ እንዲወርድ የታሰበ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ካሜራውን የት ቢያቆም ሕንጻው እንደሚናገር ያውቃል።

በ1984 የፈረንሳይ መንግሥት የአገር ፕላን መሥሪያ ቤት፣ ዳታር የሚባለው፣ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ። የአገሩን መልክ እንዲመዘግቡለት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ቀጠረ። ባዚሊኮ የሰሜኑን የባሕር ዳርቻ ተሰጠው፤ በ1984 እና በ1985 ወደቡን፣ ገደሉን፣ የዳርቻውን ከተሞች በትልቅ ካሜራ ቀስ ብሎ አነሳ። ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እንለምናለን። ፎቶግራፍ አንሺ የጠራው የቱሪስት ቢሮ አልነበረም፤ መንገድና ከተማ የሚያቅደው መሥሪያ ቤት ነው! ነገ ምን ይሠራ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ምን አለ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት የገባው መሥሪያ ቤት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቤይሩት መጣች። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1975 እስከ 1990 አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። ጦርነቱ ሲቆም፣ የከተማዋ መኻል መልሶ ከመገንባቱ በፊት ፍርስራሹ እንዳለ እንዲመዘገብ ታሰበና በ1991 ጥቂት ፎቶግራፍ አንሺዎች ተጠሩ። ሮበርት ፍራንክ፣ ዮሴፍ ኩደልካ፣ ሬይሞን ደፓርዶንና ባዚሊኮ ከነሱ መካከል ነበሩ። ባዚሊኮ በጥይት የተበሳሳውን ሕንጻ ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ የሚላኖን ፋብሪካ እንዳነሳው አድርጎ አነሳው። ጩኸት አልጨመረበትም። በኋላ መልሶ ግንባታው ሲመጣ ከጦርነቱ ተርፈው የቆሙ ብዙ ሕንጻዎች በግንበኛው እጅ ፈረሱ። መድፍ ያልጣለውን ግሬደር ጣለው። ፎቶግራፎቹ ግን ቀሩ። ዛሬ አንድ የቤይሩት ልጅ «እዚህ ምን ነበር?» ቢል የሚያሳየው አለ።

እንግዲህ ይህ ሰው ሙያውን ከዳ? የአርክቴክቶች ትልቁ መድረክ የሆነው የቬኒስ ቢዬናሌ በ1996 በአርክቴክቸር ፎቶግራፍ ሸለመው። አርክቴክቶቹ ራሳቸው ከኛ አልወጣም ብለው መሰከሩለት። በ2013 ሲሞት ምን ያህል ቤት እንደሠራ የጠየቀ አልነበረም፤ ምን ያህል ከተማ እንዳየ ግን ሁሉም ያወራ ነበር። የንድፍ ጠረጴዛውን ጥሎ አልሸሸም እንላለን። ተማሪ ቤት የተማረውን ቁመት፣ ልክ፣ ጥላና ብርሃን ይዞት ወጣ፤ የቀየረው የሚጽፍበትን መሣሪያ ነው።

«እሱ ፈረንጅ ነው፤ ሆዱ የሞላ ሰው ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ይኖራሉ። ደህና፣ ወደ ቤታችን እንመለስ። ለመሆኑ ድሬ ዳዋ ራሷ የማን የእጅ ሥራ ናት?

ከ1870ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በምኒልክ አገልግሎት የኖረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ አባቶቻችን «ሙሴ ኢልግ» የሚሉት፣ በ1894 የምድር ባቡሩን ፈቃድ ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀበለ። ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቆመ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐረር ላይ ይወጣል የተባለው ሀዲድ ተራራው አልቀመስ ስላለው፣ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቆመ። አዲስ ሐረር ተባለ። ያ ቦታ ነው ድሬ ዳዋ። ሀዲዱ ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከተማችን እንግዲህ የመሐንዲስ ማስመሪያና የተራራ እምቢታ ተጋጭተው የወለዷት ናት።

ታዲያ ያው ሙሴ ኢልግ ካሜራ ነበረው! መሐንዲስነቱን ሳይተው የምኒልክን ግቢ፣ የመኳንንቱን ሥርዓት፣ የአዲስ አበባን ጅማሮ በመስተዋት ላይ አንስቷል። ሥራው የት ነው ያለው? ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ። ሰውየውን አንወቅስም፤ ያነሳው እሱ ነው፣ የወሰደውም እሱ ነው። ነገር ግን አንድ ሕግ እዚህ ይታያል፦ ካሜራውን የያዘ ሰው ትዝታውን ይዞ ይሄዳል። የራሷን ልጅ ያላቆመች ከተማ መልኳን ለማየት ባሕር መሻገር አለባት። ፎቶግራፍ የቅንጦት ሥራ ነው የሚለን ወንድማችን ይህን ይመልስልን፤ ያያቱን ከተማ መልክ ከሰው አገር መሳቢያ መለመን ምን ይሉታል?

ከቅርብ ዘመንም እንጥቀስ። ሚካኤል ጸጋዬ የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስመረቀው ሠዓሊ ነው። የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ስላለው ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ ያዘ። እየተለወጡ፣ እየፈረሱ ያሉትን የአዲስ አበባ ሠፈሮች አነሳ፤ ለሥራውም የወደፊት ትዝታ የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ስሙ ብቻ አንድ ክርክር ይበቃዋል። ዛሬ የምናየው ነገ የምናስታውሰው ነው፤ ዛሬ ካላየነው ነገ የምናስታውሰው የለንም። በ2024 የፒያሳ ሠፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያ ሳይቀር፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲፈርሱ ስንቱ ስልኩን አውጥቶ ሮጠ! አቧራውን አነሳው። አቧራ ግን ቤት አይደለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሏል ይህን ነው።

አሁን ወደ ድሬ ዳዋ እንግባ። ይህች ልሳናችን የምትባዛው በስቴንስል ስለሆነ ፎቶግራፍ አታወጣም፤ ስለዚህ አንባቢ በቃል ይከተለን።

ከባቡር ጣቢያው በር ቆማችሁ ወደ ከዚራ እዩ። መንገዶቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሎባቸዋል፤ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው የእንጨት መከለያ ያለው ነው። ሰው «የፈረንሳይ ጌጥ» ይለዋል። የአርክቴክት ዓይን ያለው ግን ጌጥ ብሎ አያልፈውም። ድሬ ዳዋ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆምና ግድግዳው ጥላ ያጣል። በረንዳው እንግዲህ ምንድነው? ቤቱ ለራሱ የሠራው ጥላ ነው። የመስኮቱ መከለያ ነፋስ አስገብቶ ፀሐይ የሚያስቀር ወንፊት ነው። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ውጦ ማታ የሚተፋ ጎተራ ነው። ዛሬ በዚህችው ከተማ ፊቱን በመስተዋት የሸፈነ ፎቅ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ግድግዳ አንድ ቀን ቆሞ ቢያየው ኖሮ የሚያፍር አይመስላችሁም?

ወደ ምድር ባቡሩ ወርክሾፕ እለፉ። እዚያ ለዓመታት ብረት ተቀጥቅጧል፣ ፉርጎ ተጠግኗል፣ አባት ለልጁ ሙያ ከነፈረንሳይኛው አውርሷል። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አሮጌው ሀዲድ ከድሬ ዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ክፍሉ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መንገደኛ አልጫነም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ከተማዋን የወለዳት ሀዲድ መኻሏ ላይ ተኝቷል፤ የሚያልፈው ባቡር በዳር ያልፋል። ይህን ለመናገር ስንት ገጽ ድርሰት ያስፈልጋል? አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ግን ይናገረዋል፤ ያውም ሳያለቅስ።

ወደ ቀፊራ ገበያ ቅስቶች ውረዱ። መጋላ ግቡ። መጋላ በሶማሊኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው። ማስመሪያ ያልነካው ወገን፣ ሰው ራሱ በእግሩ የቀየሰው ወገን ስሙ ከተማ ነው! መንገዱ ይጠመዘዛል፤ ምክንያቱም የአንዱ ግቢ ከሌላው ግቢ ጋር በስምምነት እየተገፋ የሄደ ነው። ጥላው የሚመጣው ከዛፍ ሳይሆን ከመንገዱ ጥበት ነው። ይህም አርክቴክቸር ነው እንላለን፤ ፊርማ የሌለው አርክቴክቸር።

እዚህ ላይ ለካሜራ ወዳጆቻችንም የምንለው አለን፤ ትችቱ ለአንድ ወገን ብቻ አይሁን። ከዚራን ብቻ አንስቶ «ድሬ ዳዋን አነሳሁ» የሚል ሰው የኩባንያውን ፕላን እንደገና መገልበጡ ነው። ደቻቱን ያልተሻገረ ካሜራ ግማሽ ዓይን ነው። የነሐሴ 2006ን ጎርፍ እናስታውስ። ሌሊት ድንገት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው በላ፤ የወንዝ ዳሩን ቤት ጠራርጎ ሄደ። ካሜራ ከየአቅጣጫው የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነበር። ከጎርፉ በፊት የነበረውን ቤት፣ መሠረቱ ምን ላይ እንዳረፈ፣ ከውሃው ስንት ክንድ እንደራቀ፣ ግድግዳው ከምን እንደቆመ ማን አየው? የአርክቴክት ፎቶግራፍ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዴ ምስክርነቱ የሰው ነፍስ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርቡብናል፤ አንድ በአንድ እንመልስ።

የመጀመሪያው፦ «አገር ቤት ያጣች፣ ሕዝብ መጠለያ የሚሻ፤ እናንተ ስለ ፎቶ ታወራላችሁ!» የሚል ነው። ከባድ ይመስላል። ነገር ግን ቤት ያጣ አገር አንድም የቆመ ቤት በከንቱ ማጣት የለበትም። ሳያዩ የሚያፈርሱ ሰዎች ሳያዩ ይሠራሉ፤ ሳያዩ የሠሩትን ደግሞ መልሰው ያፈርሳሉ። ገንዘቡ የማን ነው? የዚያው መጠለያ የሚሻ ሕዝብ። ማየት ከመሥራት ይቀድማል ብንል ምኑ ላይ ነው ቅንጦቱ?

ሁለተኛው፦ «ጥቁርና ነጭ የናፍቆተኛ ነገር ነው፤ ዓለም ባለቀለም ሆኗል» የሚል ነው። ይህን በከፊል እንቀበላለን። ሀዲድ ላይ ቆሞ፣ ምስሉን አደብዝዞ «ድሮ ቀረ» የሚል ሰው አለ፤ እሱን አንከላከልለትም። ያ ሰው ባቡሩን አላየውም፤ ራሱን ነው ያየው። የጥቁርና ነጭ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። የዛሬ መንገዳችን በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በባጃጅ፣ በአዲስ ቀለም ተጥለቅልቋል፤ ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ቀለሙን አንሱትና የሚቀረው ቅርጽ፣ ክብደት፣ ጥላና የግድግዳው ቆዳ ነው። እኛ በንድፍ ክፍል በእርሳስ የምንሠራውም እኮ ጥቁርና ነጭ ነው! በእርሳስ ሲሆን ሙያ፣ በፊልም ሲሆን ናፍቆት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ደግሞም በደንብ የታጠበ የብር ጨው ፎቶግራፍ ከባለቀለሙ ወረቀት ይበልጥ ዕድሜ እንዳለው የፎቶ ቤት ሰዎችን ጠይቁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ «እነዚህ ፎቶዎች ውስጥ ሰው የለም። ሕዝቡን አውጥታችሁ ድንጋዩን ታመልካላችሁ።» ይህን ያሉንን ጓደኞች እናከብራቸዋለን፤ ጥያቄያቸው የፍቅር ነው። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕንጻ ሰው ባይታይበትም ሰው አለበት። የተበላው ደረጃ የስንት እግር ነው? በእጅ ላብ የተወለወለው የወርክሾፕ በር መያዣ የማን ነው? በቆርቆሮ የተጣፈው ግድግዳ የማን ችግርና የማን ብልሃት ነው? ሁለተኛ ደግሞ የድሬ ዳዋን ነገር እናምጣ። ከተማችን ቀትር ላይ ጭር ትላለች። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ይራቆታል። እንግዳ ሰው ያንን መንገድ ቢያነሳ «የሞተች ከተማ» ብሎ ይጽፍበታል። እኛ ግን ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ጀርባውን አሳርፎ የተኛው፣ በርጫ ላይ የተቀመጠው፣ ሻይ የሚያፈላው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ያ ባዶ መንገድ የድሬ ዳዋ ሕዝብ ፀሐይን እንዴት እንደሚያሸንፍ የሚያሳይ ምስል ነው። ምስሉ ያው አንድ ነው፤ የሚለየው ከሥሩ የሚጻፈው ነው።

እናም እዚህ ላይ ነው ይህ ክርክር የአርክቴክቸር ተማሪዎች ብቻ የማይሆነው። ከሥሩ የሚጽፈው ማን ነው? በዚህች ልሳን ግጥምና አጭር ልቦለድ የምታቀርቡ ወገኖች፣ እናንተ አይደላችሁምን? ቃል የሌለው ፎቶግራፍ ላነሳው ሁሉ ያገለግላል፤ የአፍራሹም የአልቃሹም ምስክር ሊሆን ይችላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመንገዱ ስም፣ ቤቱ ከዚህ በፊት ምን እንደነበር፣ ይህን የነገረን ሽማግሌ በምን ቋንቋ እንደነገረን፣ እነዚህ ሲጻፉበት ነው ፎቶ ሰነድ የሚሆነው። በድሬ ዳዋ አንድ ቤት ታሪኩ በኦሮምኛ ተጀምሮ፣ በሶማሊኛ ቀጥሎ፣ በአማርኛ ሊያልቅ ይችላል፤ መኻሉ ላይ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ጣል ጣል ይልበታል። ይህን የሚሰማ ጆሮ ያለው የሥነ ጽሑፍ ተማሪና ያን ግድግዳ የሚያነብ የአርክቴክቸር ተማሪ አብረው አንድ መንገድ ቢሄዱ ምን ይጎድላል?

«መሣሪያ የለንም» አትበሉን። እርግጥ ፊልም ተወዷል፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታጠብበት መድኃኒት ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል፣ የኛ ቧንቧ ደግሞ ቀትር ላይ ሻይ የሚያፈላ ነው። ግን ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ጥቁርና ነጭ ያነሳል። ሙያው ያለው አቋቋማችን ላይ ነው። ካሜራውን ወደ ላይ አታዘንብሉት፤ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ራቅ በሉ፣ ካልሆነም ከፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ ወጥታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ቀትርን ተዉት፤ ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ጎን ለጎን የሚመጣ ብርሃን የግድግዳውን ቁስል ሁሉ ያወጣዋል። አንድ ቤት ፊቱን፣ ማዕዘኑን፣ ጎኑን፣ የሚቻል ከሆነም ግቢውን፤ በፈቃድ። ባለቤቱ እምቢ ካለ ቤቱ የሱ ነው፤ አመስግኖ ማለፍ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ እሱን ሳንናገር አናልፍም። ካሜራ ይዞ አንድ አሮጌ አጥር ፊት የቆመ ተማሪ «ፈቃድህን አሳይ» ይባላል። ያንኑ አጥር ለማፍረስ የመጣውን ግሬደር ግን የሚያስቆመው የለም። የሚያፈርስ እጅ እንደ ልቡ የሚገባበት፣ የሚያይ ዓይን የሚከለከልበት ሥርዓት ግልብጥ ነው። ይህን የምንለው ልማትን ጠልተን አይደለም። መንገድ ይስፋ፣ ፍሳሽ ይውጣ፣ ድልድይ ይሠራ፤ ደቻቱ ዳር ያደገ ሰው የድልድይን ጥቅም አይነገረውም፣ ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። የምንጠይቀው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ አንድም የቆየ ቤት ሳይለካ፣ ሳይነሳ፣ ስሙ ሳይጻፍ አይፍረስ። ፈረንሳይ በ1984 ለባሕር ዳርቻዋ ያደረገችውን ድሬ ዳዋ ለከዚራና ለመጋላ ማድረግ ያቅታታል? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ተማሪ፣ ጥቂት ፈቃድና አንድ ንጹሕ መሳቢያ ይበቃል። መሳቢያው ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይሁን፤ ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ጎርፍም እሳትም አንዱን ቢበላ ሌላው ይተርፍ ዘንድ።

እንግዲህ በመጨረሻ ወደ ቀልዱ እንመለስ። ከመካከላችን አንዱ ወይም አንዷ ነገ ተመርቃ ንድፉን ትታ ካሜራ ብታነሳ «ከሰረች» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ንድፍ ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ የተማርነው ምን ነበር? መስመር ማስመር ከሆነ መስመሩን ዛሬ ኮምፒውተር ከኛ አሳምሮ ያሰምረዋል። ማየት ከሆነ ግን የሚያይ ሰው ሲወጣልን ደስ ሊለን ይገባል። ከተማ የሚሠራላት ብዙ ነው፤ የሚያፈርስላትም አልጠፋም፤ የሚያያት ነው የቸገራት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የከዚራ በረንዳ ዛሬም ጥላ ይጥላል። የወርክሾፑ በር ዛሬም አለ። የመጋላ ጠባብ መንገድ ዛሬም ይጠመዘዛል። ቅዳሜ ማለዳ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚነሳ ካለ፣ መንገዱ ይጠብቀዋል።